እኔ ስታጠፍ ታጠፉ

ኦዜላ ፔግስ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ ከነዚህ ውስጥ ሠላሳ ዘጠኙን ከአባቷ ጀርባ ተቀምጣ ድራም ስትመታ ነው ያሳለፈችው። ስለዚህ በዚያ የሰኔ እሁድ፣ በአባቷ ቤት በረንዳ ላይ፣ በገዛ ቤተሰቧ መሃል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በምታውቀው ዘፈን ውስጥ መንገድ ሲጠፋባት፣ መጀመሪያ ያደረገችው በእጇ የያዘቻቸውን በትሮች ገልብጣ ማየት ነበር። በትሮቹ ያው ናቸው። ጫፉ ተሰንጥቆ በፕላስተር የጠቀለለችው እንኳ እንደተጠቀለለ ነው።

«እንደገና» አሉ አባቷ ቲዮቲስ፣ ጊታራቸውን ጭናቸው ላይ እያስተካከሉ።

እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ተሳሳቱ። ወንድሟ ቨርደል በሁለተኛው ጊታር ቀድሞ ታጠፈ፤ የአጎታቸው ልጅ ሃርለን በቤዝ ጊታሩ ዘግይቶ ታጠፈ፤ እሷ በሁለቱ መሃል ተንጠልጥላ ቀረች። ሦስት ሰው በአንድ በር እኩል ልግባ ሲል የሚሆነውን ሆኑ።

«ምን ነካችሁ? ቁርስ አልበላችሁም እንዴ?» አሉ ቲዮቲስ።

«በልተናል አባዬ» አለ ቨርደል፣ እህቱን በጎን እያየ።

እንግዲህ የፔግስ ቤተሰብ ሙዚቃ ቁጥር የለውም። ሌላ ቦታ ብሉዝ የሚጫወቱ ሰዎች በልባቸው አሥራ ሁለት ይቆጥራሉ፤ ዜማው የሚታጠፍበት፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ እንደ አውቶቡስ ፌርማታ የታወቀ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ከሆሊ ስፕሪንግስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ኮረብታ ላይ ግን ቲዮቲስ ደስ ካላቸው በዘጠኝ፣ ካላሰኛቸው በአሥራ አራት ተኩል ይታጠፋሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እዚያው አንድ ድምፅ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ጨፋሪው ግቢውን በአቧራ እስኪሸፍነው ድረስ ማንም አይነቀንቃቸውም። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ «መቼ ነው የምንታጠፈው?» ብለው ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነበር።

«እኔ ስታጠፍ ታጠፉ።»

ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ሌላ አልነበረም። ደግሞም ሠርቷል። ቲዮቲስ ሲታጠፉ ሁሉም እኩል ይታጠፋል፤ እንዴት እንደሚያውቁት ግን ማንም ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ውኃ ሲጠጡ እንዴት እንደሚውጡ ማን ይጠይቃል?

ኦዜላ ድራም የጀመረችው በሰባት ዓመቷ ነው። ድራሙም ድራም አልነበረም፣ ባዶ የስብ ጣሳ ነበር። እናቷ ኢርሊን ጣሳውን ገልብጣ ከባሏ ወንበር ኋላ አስቀመጠችና «ነይ፣ አባትሽ ብቻውን ነው» አለቻት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ወሬውን ሲሰሙ ኢርሊንን ከበው ያዟት። ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ ከበሮ ትመታለች ወይ? ኢርሊን ተቆጪ ሴት አልነበረችም፤ ግን ምላሷ ስል ነው። «እግሯን ገጥማ የምትመታበትን መንገድ የሚያውቅ ካለ ቤቴ ይምጣና ያሳያት» አለች። የመጣ የለም። ኦዜላም መታች። ጥጥ ለቅማ መጥታ መታች፣ ከትምህርት ቤት መጥታ መታች፣ እናቷን በቀበሩ በሳምንቱም ዓይኗ እንዳበጠ ተቀምጣ መታች።

አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ ሬይፎርድ የሚባል መልከ መልካም ሰው አግብታ፣ እሱ መኪና ፋብሪካ ሲቀጠር ተከትላው ዲትሮይት ገባች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የባንዱ ድራም መቺ ቀረና ሬይፎርድ ደረቱን ነፍቶ «የኔ ሚስት ትመታለች» አላቸው። ተቀመጠች። ጀመሩ። ሰዎቹ አሥራ ሁለታቸውን ቆጥረው ታጥፈው ሄዱ፤ እሷ ገና እዚያው ነበረች። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ ሆነ። ጊታር የሚጫወተው ሰው ዘወር ብሎ፣ ክፉ ሰው ሳይሆን ግራ ገብቶት፣ «እሜቴ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?» አላት።

በትሮቹን አስቀምጣ ወረደች። ዲትሮይት በገባች በአሥራ አንደኛው ወር ሻንጣዋን ይዛ በአውቶቡስ ወደ ሚሲሲፒ ተመለሰች። ሬይፎርድ እዚያው ቀረ፤ በኋላም ሌላ አግብቶ ወልዷል፤ ለገና ካርድ ይልካል። ኦዜላ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ገብታ የበቆሎ ዳቦ በትሪ ትጋግራለች፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ከአባቷ ጀርባ ትቀመጣለች። ሰው ሕይወቷ ትንሽ ነው ሊል ይችላል። እሷ ግን አንድም ቀን ትንሽ ሆኖባት አያውቅም፣ እስከዚያ ሰኔ ድረስ።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ ወዲህ ነው። ወደ ኋላ ሄዳ ስታስበው ምልክት የሚመስል ነገር ሞልቷል። አባቷ ሁለት ጊዜ «ኢርሊን» ብለው ጠርተዋታል። የጭነት መኪናቸውን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከቅቤው አጠገብ አግኝታዋለች። እሷም ያው መነጽሯን ራሷ ላይ አድርጋ ቤት ምድሩን ስትፈልግ የምትውል ሴት ናት፤ በቁልፍ ማን ላይ ትፈርዳለች? በሰኔ መግቢያ ላይ ደግሞ የክሊኒኩ ነርስ «የስኳር በሽታው እግራቸውን እንዳይጎዳው ለስላሳ ጫማ ያድርጉ» ስላለች፣ ኦዜላ ሶሉ እንደ ዳቦ የተነፋ ነጭ ጫማ ገዝታላቸው ነበር። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ከእግራቸው አላወለቁትም። «ደመና ላይ ነው የምሄደው» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይተዋል። በሌላ ነገር ሁሉ ደህና ነበሩ። ይበላሉ፣ ፍየሎቻቸውን ያግዳሉ፣ የሰው አማች ያማሉ። ጊታር ሲይዙ ብቻ ነው ነገር የሚበላሸው።

በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ሲሰበሰብ ተጫወቱ። ጨፋሪዎቹ በመሃል ቆሙ። ሰው ተሳስቶ መጫወት ሌላ ነገር ነው፣ ጨፋሪ ወገቡን ይዞ ሲቆምና ሲያይህ ሌላ ነው። ጎረቤታቸው አሮጊቷ ሚስ ዞላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረግሁ ብለው ግቢው ሁሉ እየሰማ «ምስኪን ቲዮቲስ፣ አረጀ» አሉ።

ቨርደል በማግሥቱ መጣ። ቨርደል ሁለት ዓመት ሜምፊስ ውስጥ ከሌሎች ባንዶች ጋር የተጫወተ ሰው ነው፤ ይህንንም ሌላው እንዲረሳ አይፈቅድም፣ እሱ ራሱ ስለማይረሳው።

«እንቆጥራለን» አለ። «እንደ ሰው አሥራ ሁለት እንቆጥርና እኩል እንታጠፋለን።»

«ምኑን ነው የምትቆጥረው?» አሉ ቲዮቲስ።

«ምቱን ነዋ አባዬ።»

«ምን ጠፋህና ነው የምትቆጥረው? እኔ ፍየሎቼን የምቆጥረው አንዱ የጠፋ ሲመስለኝ ነው።»

«እኛ ነን የጠፋነው!» አለ ቨርደል ጮክ ብሎ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ።

ሞከሩት። ቨርደል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ፤ ሃርለንም አብሮ ቆጠረ፣ ሰባት ላይ ሲደርስ ግን ሁሌም ስለሚያስነጥሰው ይሁን ስለሚጨንቀው ይጠፋበታል። ቲዮቲስ በመሃል እንደ ልማዳቸው ሄዱ። ዘፈኑ «ስሜን ግን አልጠራችም» የሚለው የራሳቸው ዘፈን ነበር።

ዝናቡ ከማዶ ቆሟል፣ ወደኔ አልመጣም፤
ደብዳቤ ጻፈች አሉኝ፣ ስሜን ግን አልጠራችም።

ስንኙን ጨርሰው ሲታጠፉ ማንም አልተከተላቸውም። ብቻቸውን ሄደው፣ ብቻቸውን ቆመው፣ ዞር ብለው አዩአቸው። የበዓል ገበያ ውስጥ ልጆቹ የጠፉበት አባት እንዲህ ነው የሚያየው። ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ኦዜላ ድራሙን በጨርቅ ስትሸፍን ጠሯት።

«ኦዜላ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነኝ?»

«አላውቅም አባዬ።»

«እኔ እንደሚመስለኝ በልኩ ነው የምታጠፈው። ሁሌም በምታጠፍበት ቦታ። ግን ደግሞ ሰው ሲያብድ ትክክል ነኝ ብሎ አይደል የሚያብደው?»

«ምናልባት እኔ ነኝ» አለች። «ምናልባት እኔ ነኝ የደነቆርኩት።»

ይህን ያለችው ልታጽናናቸው አልነበረም፤ እውነት እንደዚያ መስሏት ነው። ያን ሰሞን አልጋዋ ላይ ሆና፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ምን ስትከተል እንደኖረች ለማስታወስ ትሞክራለች። አንገታቸውን ነው የማየው ትላለች፤ ሊታጠፉ ሲሉ አንገታቸው ላይ አንድ ሥር ቀጥ ይላል። ይህን ለሃርለን ስትነግረው ሳቀባት። «ትከሻቸው ነው እንጂ፣ የቀኝ ትከሻቸው ዝቅ ይላል።» ቨርደል ሁለቱንም ናቃቸው፤ ግራ እጃቸው ላይ አውራ ጣታቸውን ማየት ነው ዋናው አለ። ሦስት ሰው በአንድ ባንድ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሦስት የተለያየ ነገር ሲያይ ኖሯል ማለት ነው። ኦዜላ ይህን ስትሰማ የባሰ ግራ ገባት። አንገታቸውንም፣ ትከሻቸውንም፣ አውራ ጣታቸውንም ተራ በተራ አየች፤ ሁሉም እንደ ድሮው ነው፤ ግን ስታያቸው ይብሱን ትስታለች።

በነሐሴ መጨረሻ ላይ የፔግስ የፍየል ድግስ አለ። በየዓመቱ ቅዳሜ ቀን፣ ሰው ከየአገሩ ይመጣል፣ ከቺካጎም ሳይቀር። የዘንድሮው ደግሞ ቲዮቲስ ሰባ አምስት የሚሞሉበት ነው። ሐሙስ ዕለት ቨርደል ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቋት መኪናው ውስጥ አስገባት።

«ቅዳሜ እኔ ነኝ ፊት የምቀመጠው» አላት። «አባዬ ጥግ ላይ ወንበር ይሰጠዋል። ሁለት ዘፈን ብቻውን ይዘፍናል፣ እናጨበጭብለታለን፣ ይበላል።»

«የፊቱን ወንበር ራሱ ነው የሠራው፣ ቨርደል።»

«አውቃለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሐምሌው እንዲሆን ትፈልጊያለሽ? ሚስ ዞላ 'ምስኪን' እንዲሉት? እኔ አልችልም።» መሪውን በመዳፉ ያሻሻል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ኦዜላ ወንድሟን ልትጠላው ፈልጋ አቃታት። «አንቺ ንገሪው» አላት። «አንቺ ስትነግሪው ይሰማል።»

እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። በሩን ከፍታ ወረደች።

ዓርብ ጠዋት አባቷ ቤት ስትደርስ ቲዮቲስ ፍየሏን አርደው፣ ሰቅለው፣ ገፈው ጨርሰዋል። ኦዜላ ወጥ ቤት ገብታ ለድግሱ የሚሆኑትን ትልልቅ ድስቶች ማጠብ ጀመረች። ሙቀቱ አይጣል ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ በባዶ እግሯ ጣውላው ላይ ቆማ፣ የምትለውን በልቧ ታጠናለች። «አባዬ፣ ቨርደል ነገ እስኪ ልሞክር ይላል።» አይ፣ ውሸት ነው። «አባዬ፣ ዘንድሮ ብታርፍስ?» ያው ነው። ምንም ብትለው መጨረሻው አንድ ነው፦ ከወንበርህ ተነሣ። እሳቸው ሲነሡ ደግሞ እሷ ምን ትሆናለች? ቨርደል እየቆጠረ እሷ ከኋላው ልትቀመጥ ነው። ያ የዲትሮይት ሰው፣ ማንን ነው የምትጠብቂው ያላት፣ ትዝ አላት። እንባዋ ወደ ሳሙናው ውኃ ጠብ አለ።

በረንዳው ላይ ቲዮቲስ ጊታራቸውን አነሡ። ግድግዳው በመሃል ነው፤ አይታዩም። «ስሜን ግን አልጠራችም»ን ቀስ ብለው ጀመሩ። ኦዜላ ሳታስበው በእንጨት ማንኪያው የድስቱን ቂጥ መታች። ሄዱ። ታጠፉ፤ ታጠፈች። በአሥራ አንድ ታጠፉ፤ ታጠፈች። አንዱ ድምፅ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጠበቀቻቸው። በድንገት፣ በማይሆን ቦታ፣ ተመለሱ፤ አብራ ተመለሰች። ዘፈኑ አልቆ ዝም ሲሉ ነው ማንኪያው አየር ላይ የቀረው።

አንድም ቦታ አልሳተችም። ግን አንገት አላየችም። ምንም አላየችም። የምታየው ድስት ነው።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። «አሁን ያደረግከውን ድገመው!»

«ምን አደረግሁ?»

«ዝም ብለህ ድገመው!»

ደገሙት። ኦዜላ ዓይኗን ጨፈነች። አሁን ነገሩ ተገለጠላት፤ በጆሮዋ ሳይሆን በእግሯ ነው የመጣው። ሊታጠፉ አንድ ምት ሲቀራቸው፣ ከባዶ እግሯ ሥር ጣውላው «ጧ» ይላል። የበረንዳውና የወጥ ቤቱ ወለል አንድ ነው። ጧ፤ ከዚያ ይታጠፋሉ። ጧ፤ ይመለሳሉ።

እጇ ሳሙና እንደሆነ ወደ በረንዳው ሮጠች። ቲዮቲስ እግራቸው ላይ ያደረጉት አሮጌውን ጥቁር ጫማቸውን ነው፤ ተረከዙ እንዳይበላ ብለው ጥንት ብረት የመቱበትን፣ እሷ ነጩን ስትገዛ ለመጣል አውጥታው የነበረውን።

«ይሄን ጫማ ከየት አመጣኸው?»

«ከቤቱ ሥር ደብቄው ነበር» አሉ፣ ሊገሠጹ እንደሆነ መስሏቸው። «አትቆጪ። ፍየሏን ሳርድ ያንቺን ነጩን ደም እንዳይነካብኝ ብዬ ነው።»

ኦዜላ በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። ሳቅ ነው የመጣባት፣ ወይም ለቅሶ፤ እሷም አልለየችውም። ነጩን ጫማ አምጥታ አደረገችላቸው፤ ተጫወቱ፤ ከሥሯ ምንም የለም፣ ጠፋች። ጥቁሩን መለሰችላቸው፤ ጧ አለ፣ አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ ስትታጠፍ እግርህን ትመታለህ።»

«እኔ? እግሬን?» ቲዮቲስ እግራቸውን የሌላ ሰው እግር የሆነ ይመስል አዩት። «አልመታም።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስትመታ ኖረሃል! እኛም በወንበራችን በኩል ስንሰማህ ኖረናል። እኔ ነኝ ጥጥ እግርህ ላይ አድርጌ ሁላችንንም ያደነቆርኩ።»

ጫማውን የገዛችው በፍቅር ነበር። በፍቅር ገዝታው፣ ሦስት ወር ሙሉ አባቷን በቁማቸው ሲያስቀብር ከረመ። ቲዮቲስ ግን አልሰሟትም፤ ጎንበስ ብለው ተረከዛቸውን ያነሣሉ፣ ይጥላሉ። ጧ። ጧ። «እና አላበድኩም?» አሉ።

«አላበድክም።»

«እኔ አላበድኩም!» ብለው ለተሰቀለችው ፍየል ነገሯት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ጥቁሩን ጫማ ስታወልቅላቸው ትንሿ ጣታቸው ላይ የተላጠ ቦታ አየች። ነርሷ ያስፈራራቻት ይኸንኑ ነው። ስለዚህ ሃርለንን ጠራችው። ሃርለን የሶፋ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ከሰው ጋር ሲያወራ ይጨነቃል፣ መዶሻ ሲይዝ ግን ሰው ነው። ነገሩን ስትነግረው «ትከሻቸው አይደለም በይኛ» አለ፣ አዝኖ። ከዚያ ብረቱን ከጥቁሩ ተረከዝ በጥንቃቄ ነቅሎ፣ በነጩ ጫማ ተረከዝ ላይ በአጫጭር ብሎንና በፋብሪካው ማጣበቂያ አሰረው። ነጭ ጫማ በብረት ኮቴ። እንዲህ ያለ ጫማ ሚሲሲፒ ውስጥ ሌላ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ሰው በሰው ሆነ። ፍየሏ ጉድጓዱ ላይ ትጠበሳለች፤ ጎመኑ በስሏል፤ ልጆች ከጭስ ወደ ጭስ ይሯሯጣሉ። ባንዱ እንደየዓመቱ ፒካን ከሚሉት ትልቅ ዛፍ ሥር በቆመው የጥጥ መጫኛ ተሳቢ ጣውላ ላይ ወጣ። ቨርደል በፊተኛው ወንበር አጠገብ ቆሞ እህቱን በዓይኑ ጠየቃት። ነገርሽው?

«ጫማው ነው» አለችው።

«ምን?»

«ቁጭ በል። ቦታህ ላይ ቁጭ በልና እግርህን ጣውላው ላይ አድርግ። አትቁጠር፣ አትይ። ሦስት ወር በከንቱ ነው የተጨነቅነው፣ ጫማው ነው!»

«በጫማ?» አለ ቨርደል። አንድ ሰው ሜምፊስ ድረስ ሄዶ ተምሮ መጥቶ እንዲህ ሲባል ፊቱ የሚመስለውን መሰለ። ቲዮቲስ ግን ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጊታራቸውን ይዘው፣ በዚያ ጉደኛ ጫማ ኮሽ ኮሽ እያሉ መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሚያስነሣቸው ሰው አልተገኘም።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ጧ አለ። ሦስቱም እኩል ታጠፉ። ቨርደል ወደ እግሩ አየ፤ ከዚያ ወደ አባቱ እግር አየ፤ ከዚያ አፉ ተከፈተ። በሁለተኛው ዘፈን አቧራው ተነሣ። ሚስ ዞላ ምርኩዛቸውን ሰው አስይዘው ለጭፈራ ወጡ፤ ወገባቸውን ይዘው መቆማቸው ቀርቶ ወገባቸው አልቆም አላቸው። ኦዜላ ከኋላ ሆና ትመታለች፣ ጥርሷ አይከደንም፤ አንገታቸውን ከዚህ በኋላ አላይም ብላ ፊቷን ወደ ቅጠሉ አቅንታለች።

አራተኛው ላይ «ስሜን ግን አልጠራችም» ጀመሩ።

ዝናቡ ከማዶ ቆሟል፣ ወደኔ አልመጣም።

ደገሙት፤ ይደገማል። ሦስተኛ ደገሙት። አንዳንዴ እንዲያ ያደርጋሉ። አራተኛ ደገሙት። የደብዳቤው ስንኝ አልመጣም። ከዚያ ድምፃቸው ቆመና ጊታሩ ብቻ ቀረ፣ አንድ ድምፅ ላይ፣ እዚያው፣ እዚያው። ጨፋሪው ወደደው፤ አዛውንቱ ሊያቃጥሉን ነው ብሎ ጮኸ። ቨርደል ዘወር ብሎ እህቱን አያት። ሃርለንም አያት። ኦዜላ በወንበሯ በኩል ጠበቀች። ምንም የለም። ዘጠኝ አለፈ፣ አሥራ አራት አለፈ፣ ሃያ አለፈ። ብሎኑ ተፈትቶ ይሆን? ክንዷ መዛል ጀመረ። አባቷ ራሳቸውን ወደ ግራ አዞሩ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ።

ከዚያ ጧ አለ፤ ዕድሜዋን ሙሉ መጥቶ በማያውቅበት ቦታ ላይ። ኦዜላ አላሰበችም፤ ታጠፈች። ቨርደልም ታጠፈ። ሃርለንም ታጠፈ። አራቱም እንደ አንድ ሰው ታጠፉ፤ ከተሳቢው ሥር ያለው ሕዝብ ከመቼውም በላይ ጮኸ።

ሲያልቅ ሰው ያፏጫል፣ ባርኔጣ ይወረወራል። ቲዮቲስ ከሃርለን እጅ ውኃ ተቀብለው ጠጡ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ አፋቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።

«ኦዜላ።»

«አቤት አባዬ። እንዴት ያለ መታጠፊያ ነው ያመጣህብን!»

«ቅድም ስንኙ ጠፋብኝ» አሉ ቀስ ብለው። «መጀመሪያ ስንኙ፤ ኋላ ዘፈኑም። ይሄ ሁሉ ሰው የማን እንደሆነ አላወቅሁም። የት እንዳለሁ አላወቅሁም።»

ኦዜላ በትሮቹን ጭኗ ላይ አጋደመች። ጫማው ነው ብላለች። ለቨርደል ጫማው ነው ብላለች፣ ለሃርለን ጫማው ነው ብላለች፣ ለራሳቸውም አላበድክም ብላ ምላለች። ጫማው ነበርም። አሁን ደግሞ ጫማው ብቻ አይደለም። ሁለቱ ነገር እንዴት እኩል እውነት እንደሚሆን አልገባት አለ።

«ታዲያ እንዴት ታጠፍክ?»

«አልታጠፍኩም። ፈራሁ» አሉ ቲዮቲስ። «ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሁ ብዬ በእግሬ መታሁ። እናንተ መጣችሁ።»

ቨርደል የጊታሩን ክር እያጠበቀ «ምን አለሽ?» አላት።

«ቀጥሉ አለ» አለችው።

ተነሥታ የድራሙን ወንበር በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ፊት ሳበችው፤ የወንበሩ እግር የአባቷ ነጭ ጫማ ባረፈበት በዚያው ጣውላ ላይ እስኪቆም ድረስ። ተቀመጠች። የተሰነጠቀውን በትር በቀኝ እጇ ያዘች።

«ደረስሽ?» አሉ ቲዮቲስ፣ ሳይዞሩ።

«እዚሁ ነኝ አባዬ። ስትታጠፍ እታጠፋለሁ።»

ቲዮቲስ ጊታራቸውን መቱ። የትኛው ዘፈን እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ ኦዜላ ጠበቀች።